ለመስቀል አትምጣ

የጉራጌ እናት ልጇን «ለመስቀል አትምጣ» አትልም። ይህን የሰማሁት ቡታጅራ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ሰምቼም እንደ ማንኛውም የአገር ወግ አለፍኩት። የገባኝ በሁለተኛው ዓመት፣ አንዲት እናት ይህንኑ ቃል ስትናገር አጠገቧ ቆሜ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ ላይ ነው። እኔ ከጎጃም የመጣሁ፣ ከነርስነት ትምህርት በቅርቡ የወጣሁ፣ አፌ ከእግሬ የሚፈጥን ልጅ ነበርኩ። ሥራዬ እኩሌታው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ እኩሌታው በእግር ነው። በገበያ ቀን በርበሬ ተራ መሃል ቆሜ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ልጆቻችሁን አስከትቡ እያልኩ እጮሃለሁ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የምትለውን አባባል ከመደጋገሜ ብዛት በርበሬ ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እነሱ ይጀምሩልኝና እኔ እስክጨርስላቸው ይጠብቃሉ። ይስቁብኛል፤ እቆጣለሁ፤ ቁጣዬ ደግሞ የባሰ ያስቃቸዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚስቁብኝ አከራዬ ነበሩ። እማማ ነበር የምላቸው። ረጅም፣ አጥንታቸው ሰፊ፣ በርበሬ ከመስቃን ገበሬዎች ሰብስበው የሚነግዱ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ፊታቸውን በወጣትነታቸው ፈንጣጣ በልቶታል፤ ጠባሳው ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ነው። በዚህ ፊት ግን እንደሳቸው የሚስቅ ሰው አላየሁም። ውሃ ማፍላቴ ያስቃቸዋል። ቆጮ ስበላ ማላመጤ ያስቃቸዋል። «አንቺ ልጅ፣ ይኼን ያህል ካላመጥሽው እኮ ይሰለችሻል፤ ዋጪው!» ይሉኛል። ለሰው ሲያስተዋውቁኝ ግን «የኔ ሐኪም» ነው የሚሉኝ፤ ሐኪም አለመሆኔን ነግሬያቸው ነግሬያቸው ተውኩት። ታምሜ የተኛሁ ቀን በርበሬያቸውን ትተው አጠገቤ ተቀምጠው ዋሉ። ወደድኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያለው። ባለፈው ዓመት አገባ፤ ግንቦት ላይ ሴት ልጅ ተወለደችለት። እማማ የልጅ ልጃቸውን ገና አላዩም። ክረምቱን በሙሉ ያወሩት ስለ እሷ ብቻ ነው። የማንን አፍንጫ እንደያዘች፣ እንደ አባቷ ሌሊት ታለቅስ እንደሆነ፣ ጸጉሯ ለስላሳ ይሁን ከርዳዳ፣ ሁሉንም ከዚያ መንገድ የመጣ ሰው ያስረዳቸዋል። ያላያትም ሰው ያስረዳቸዋል፤ ካልነገራቸው አይለቁትማ።

የሚያዩዋት ለመስቀል ነበር። የጉራጌ ልጅ የትም ይሥራ የት፣ ጫማ ይጥረግ ወይ ፎቅ ያሠራ፣ ለመስቀል ቤቱ ይገባል። ያልመጣ እንደሆነ ሰው «ምን ሥራ ይዞት ነው?» አይልም፤ «ሞቷል እንዴ?» ነው የሚለው። ስለዚህ ገና ነሐሴ ሳይጋመስ የእማማ ቤት ግድግዳ ተለሰነ፣ ቅቤው ተነጥሮ ተቀመጠ፣ የሰፈሩ ሰዎች በጋራ የሚያርዱት ሰንጋ ታየ። ለሕፃኗ አዲስ ምንጣፍና አንዲት ትንሽ ነጠላ ተገዛች። ነጠላዋን በየቀኑ አውጥተው ያራግፏታል። «እማማ፣ አቧራ እኮ የለባትም» ስላቸው «አንቺ ደግሞ ከማይታየው ተባይ ጋር ስትጣይ አይደል የምትውዪው፤ እኔም የማይታየውን ነው የማራግፈው» አሉኝ።

ለዝግጅቱ እንድታግዛቸው የእህታቸው ልጅ ከአረቅጥ በኩል መጣች። ጠንካራ፣ ዝምተኛ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ናት። በመጣች በጥቂት ቀን ውስጥ ጀርባዬን ቆረጠኝ፣ ራሴን አለች፤ ትኩሳቷ እንደ ምጣድ ሆነ። እኔ ወባ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ፊቷ ላይና መዳፏ ላይ ሽፍታው ወጣ። እማማ ፋኖሱን አስጠግተው የልጅቱን መዳፍ አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። መጽሐፍ ማገላበጥ አላስፈለገኝም፤ መልሱ ከፊት ለፊቴ የቆሙት ሴት ፊት ላይ ተጽፏል።

በሰፈሩ ያንን በሽታ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ስሙን መጥራት እንደ መጋበዝ ነው። «ያ ነገር» ነው የሚሉት። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገርኩት፤ ክትባቱ ወጣ፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከቤት ቤት እየዞርን እንድንከትብ ታዘዝን። ሁለት ጥርስ ባላት ትንሽ መርፌ ክንድ ላይ ደጋግሞ ወጋ ወጋ ማድረግ ነው፤ ደም እንኳ የሚወጣው እንደ ነገሩ ነው። ይሁንና ሴቱ ልጁን ከእንሰት ጓሮ ውስጥ እየደበቀ አስቸገረን። አንዷ የመንግሥት ምልክት ነው ትላለች፤ ሌላዋ ልጄ መስቀልን በትኩሳት አይውልም ትላለች።

እኔ ንግግሬን ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠርግ እማማ ከአጥራቸው ውስጥ ሆነው ልጇን በምትደብቅ ሴት ላይ ጮኹ። «ነይ ወደዚህ! ቅረቢ አላልኩሽም፣ እዚያው ሁነሽ እዪኝ። ይኼን ፊት እዪ! ለልጅሽ ይኼን ፊት ነው የምትፈልጊው? እንግዲያስ ደብቂው!»

ያን ቀን የእኔን አባባል የጠየቀኝ የለም። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደረሰ። እኔ ነገሬን በምሳሌ ሳሳምር ስከርም፣ እሳቸው ማስረጃውን ፊታቸው ላይ ይዘው ተነሡ። ቀናሁም ኮራሁም።

ከባዱ ነገር ገና ነበር። የልጅቱ ቁስል ቅርፊት ይዞ፣ ቅርፊቱም እስከ መጨረሻው እስኪረግፍ ድረስ ከተከተብኩት ከእኔ በቀር እማማ ቤት ሰው መግባት የለበትም። እሳቸውን በሽታው ዳግመኛ አይነካቸውም፤ ስለዚህ አስታማሚዋ እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ልብሳቸው፣ ሻሻቸው፣ እጃቸው ቀኑን ሙሉ ከበሽተኛዋ ጋር ነው የሚውለው። ያልተከተበች የአራት ወር ሕፃን ደግሞ በመስቀል ወደዚህ እቅፍ ልትመጣ ነው።

እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው አስቤበት፣ ክርክሬን በቅደም ተከተል ይዤ ገባሁ። እማማ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ስለ በሽታው መተላለፊያ ጀመርኩ፤ ስለ ልብስ ተናገርኩ፤ ወደ ሕፃናት ገና ሳልደርስ አቋረጡኝ።

«ልጆቼ አይምጡ ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ እማማ።»

የያዟትን በርበሬ ቀነጠሱ። ሌላ አነሡ፤ እሷንም ቀነጠሱ። እኔ ለክርክሩ ተዘጋጅቻለሁ፤ ቢቆጡ የምለውን፣ ቢያለቅሱ የምለውን አውቃለሁ።

«እሺ። ለመስቀል አትምጣ በይልኝ» አሉ።

ይኸው ነው። ክርክር የለ፣ ልቅሶ የለ። የጉራጌ እናት እንዲህ በቀላሉ ይህን ቃል መናገሯ ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ ይሆን ብዬ ደግሜ ላስረዳቸው ስል «ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬን አይደለም ያመመኝ» አሉና ወደ ታማሚዋ ገቡ።

መልእክቱ እንዴት ይድረስ? ደብዳቤ ልጻፍ አልኩ። «ወረቀት? ለመስቀል ሰሞን?» አሉ እማማ ዓይናቸውን አፍጥጠው። «እናቴ ሞታለች ብሎ ነው የሚከፍተው! በቃል ይሻላል፤ ሰው ሲነግረው አይደነግጥም።» ስለዚህ ሁሉም በሚያውቀውና ሁሉንም በሚያውቀው የአዲስ አበባ ሎንቺና አውቶቡስ ሾፌር እንዲላክ ተስማማን። ወፍራም፣ ጨዋ፣ ሰው የሚያከብር ሰው ነው። እኔው ራሴ መናኸሪያ ወርጄ ነገርኩት። እናቱ ደህና ናቸው፤ ቤት ውስጥ ግን ፈንጣጣ ገብቷል፤ ሕፃኗን ይዞ እንዳይመጣ፤ መስቀልን እዚያው ይዋል። ፈንጣጣ የምትለው ቃል ከአፌ ስትወጣ ሾፌሩ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞር ብሎ አየና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ቀስ በይ፣ ሲስተር፤ ይህን ከሰሙ በባዶ መኪና ልሄድ ነው። ገብቶኛል። እንደ ወጉ አድርጌ አደርሳለሁ።»

እንደ ወጉም አደረሰ፤ ጥፋቱ የመጣውም ከዚሁ ከወጉ ነበር። በኋላ እሱ ራሱ እንደነገረኝ መርካቶ የእማማ ልጅ ሱቅ ድረስ ሄደ። ኮፍያውን አወለቀ። ሻይ ሲያዙለት አልፈልግም አለ። ሱቁ ገበያተኛ ስለሞላው ያንን በሽታ በስሙ ሊጠራው አልደፈረም። «እናትህ ደህና ናቸው። ምንም አልሆኑም። ብቻ ለመስቀል አትምጣ ብለዋል» አለው። ልጁ ፊቱ ሲለዋወጥበት ጊዜ አዘነለትና «አይዞህ» አለው።

በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ሰው ቀሪውን አያጣውም። ሞተች የሚል ሰው የለም። ትንሽ አሟታል ይባላል፤ ደህና ናት ይባላል። ኮፍያውን አውልቆ፣ ሻይ እምቢ ብሎ፣ በመስቀል ሰሞን ደህና ናቸው አትምጣ፣ አይዞህ ያለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይበል? ልጁ ከባንኮኒው ጀርባ «ወይኔ እናቴን!» ብሎ ወደቀ። የጎረቤት ሱቆች ተዘጉ። ዘመድ ተሰበሰበ። ሾፌሩ «ኧረ በሕይወት አሉ!» ብሎ ቢምልም የሚሰማው አጣ፤ መርዶ ነጋሪ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

ልቅሷቸውን ይዘው ቡታጅራ የመጡ ቀን እኔ እማማ ግቢ ነበርኩ። እሳቸው ከጓሮ በትልቁ ድስት የልጅቱን ልብስ ይቀቅላሉ፤ ረጅም ዱላ ይዘው ያማስላሉ። ከመንገድ ወዲያ የመኪና ድምፅ፣ ወዲያው የብዙ ሰው ልቅሶ ተሰማ። እማማ ቀና አሉ። በልቅሶው መሃል የልጃቸውን ድምፅ ለዩት። ቃሉ አልተሰማቸውም፤ ማልቀሱን ብቻ ሰሙ። አዲስ አበባ ያለ ልጃቸው ለቀስተኛ አስከትሎ እያለቀሰ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ለእሳቸው አንድ ምክንያት ብቻ ነበረው።

«ሕፃኗን!» አሉ። «ያ ነገር ሕፃኗን በላብኝ!» ከነዱላቸው ወደ በሩ ሮጡ። እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ከኋላቸው መድረስ አቃተኝ።

በሩ ላይ ተገናኙ። ልጁ እናቱን ሊቀብር መጥቶ እናቱ ዱላ ይዘው፣ እያለቀሱ ከፊቱ ቆሙ። ልቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። ከዘመዶቹ አንዷ ትልቅ ሴት አማተቡና መንገዱ ላይ ቁጭ አሉ። ማን ማንን እንደሚያለቅስ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ሳቄም ልቅሶዬም በአንድ ላይ መጣብኝ።

«እናቴ!» አለና ልጁ እጁን ዘርግቶ ሮጠ።

«ቁም!» ዱላው ደረቱ ላይ ደረሰ። «እንዳትጠጋኝ! ምን ልታደርግ መጣህ? አትምጣ አላልኩህም?»

«ሞተሻል ብለው...»

«ብሞትስ! የሞተች እናት አትምጣ ትላለች?»

ያኔ ምራታቸው ከሰዉ መሃል ወደ ፊት ወጣች። ጀርባዋ ላይ ያዘለቻት ሕፃን ልቅሶውንም ዝምታውንም ከምንም ሳትቆጥር ትልልቅ ዓይኖቿን ከፍታ ዙሪያዋን ታያለች። እማማ አዩዋት። ዱላው ከእጃቸው ወደቀ። ሁለቱም እጆቻቸው ሳያዟቸው ወደ ፊት ተዘረጉ፤ የልብስ ቅቅል ውሃው ገና ከክርናቸው ይንጠባጠባል። እጆቻቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ኋላቸው አድርገው በአንደኛው ሌላኛውን ጠበቅ አድርገው ያዙት፤ ሌባ እንደያዘ ሰው።

«ወስዳችሁ ራቁልኝ» አሉ። ጩኸታቸው ጠፍቶ ነበር። «አንቺ ሐኪም፣ ምን ታያለሽ? መርፌሽን አምጪ እንጂ!»

እንደ ታዘዝኩት ሮጥኩ። ቡታጅራ ውስጥ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ከትቤያለሁ፤ ጥቁር ለብሶ፣ ዓይኑ አብጦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ መንገድ ላይ የተሰለፈ ለቀስተኛ ግን ያን ቀን ብቻ ነው የከተብኩት። ሾፌሩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከሰልፉ ዳር ቆሟል፤ እማማ ከበራቸው ሆነው በአማርኛም በጉራጊኛም ያወርዱበታል። ሕፃኗን ስወጋት ጮኸች። እማማም ከመንገዱ ማዶ አብረው ጮኹ። «እጅሽ ይሰበር!» አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ «አይ፣ አይሰበር፤ ጨርሺ፣ በደንብ አድርገሽ ጨርሺ» አሉ።

እንግዶቹ የት ይደሩ? ከፊት ለፊት የምትኖር የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሚስት፣ ሙስሊም ናት፣ «ወላሂ የትም አይሄዱም» ብላ ቤቷን ከፈተች። ከዚህ የተነሣ የዚያ ዓመት መስቀል ጉድ ሆነ። የሷን ሥጋ እነሱ አይበሉም፤ የነሱን እሷ ቤቷ አታስገባም። ከእማማ ቤት የሚወጣ ምግብ በእኔ ተከልክሏል። በመጨረሻ ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶች ሥጋውን ከነክትፎው ደጅ ላይ ድንኳን ጥለው አበሏቸው፤ ጎመኑንና አይቡን ግን የቤቱ ባለቤት ራሷ አቀረበችና ማንም ያለው ነገር የለም። እማማ በበራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀመጡ። በመሃል መንገዱ አለ፤ ጋሪ ያልፋል፣ ከብት ያልፋል። ልጃቸው ከማዶ ተንበረከከና እሳቸው ከወዲህ ሆነው መረቁት። የሚያልፍ አህያ ነጂ ቆሞ ምርቃቱን «አሜን» ብሎ ሄደ።

ልጁ ሱቁን ሊከፍት ተመለሰ፤ ሚስቱና ሕፃኗ እዚያው ቀሩ። ክትባቱ ያዘላት። ክንዷ ላይ ውሃ ቋጠረ፣ መግል ያዘ፣ ደረቀ። በየማለዳው ሄጄ አይቼ ወደ መንገዱ ስዞር እማማ በርጩማቸው ላይ ሆነው ይጠብቁኛል፤ ያየሁትን ሁሉ ከማዶ ጮኬ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ሳቀች፤ ዛሬ እጇን አፏ ውስጥ ከታ ጨረሰችው፤ ዛሬ ተገለበጠች። የእህታቸው ልጅም ዳነች። ቅርፊቷ ረገፈ፤ ፊቷ ላይ ጥቂት ምልክት ቢቀርም ዓይኗ ተረፈ። የተኛችበትን ምንጣፍ አቃጠልን፤ ልብሱን ሁሉ ቀቀልን፤ ቤቱ እንደገና ተለሰነ። እማማ ታጥበው ሌላ ልብስ ለበሱ።

የምሥራቹን ልነግራቸው ሮጬ ገባሁ። «እማማ፣ አለቀ! ዛሬ ማቀፍ ይችላሉ!» አልኳቸው። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እኔን ገፍትረው የሚወጡ መስሎኝ ከበሩ ዘወር አልኩላቸው።

አልተነሡም።

«አንድ ሳምንት ጨምሪልኝ» አሉ።

«አያስፈልግም እኮ! እኔ ነኝ የምልዎት።»

«አውቃለሁ። አንቺ ያልሽው ልክ ነው። ግን ጨምሪልኝ።» ጉልበታቸው ላይ ያሉትን እጆቻቸውን ቁልቁል አዩ። «ከዚህ ልጄ በፊት ሁለት ነበሩኝ። ወንድና ሴት። እኔ ስታመም አጠገቤ ነበሩ። ሲያለቅሱ አቀፍኳቸው፤ ጡቴንም ሰጠኋቸው። እናት ነኛ፤ ምን ላድርግ? ያን ጊዜ አትቀፊ የሚለኝ ሰው አልነበረም።»

እስከዚያ ድረስ በገበያ መሃል የጮህኩት ጩኸት ለእኚህ ሴት ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሳምንቱን ጨመርኩላቸው፤ ደግሞም በርጩማ አውጥቼ አጠገባቸው ከበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ባይፈቅድልኝም የምችለውን ያህል አብሬያቸው ከመንገዱ ማዶ እያየሁ ከረምኩ።

ሳምንቱ አለፈ። ሕፃኗን ከእናቷ ጀርባ አውርጄ መንገዱን ተሻግሬ አመጣኋትና እቅፋቸው ውስጥ አኖርኩላቸው። መጀመሪያ በጣም ቀስ ብለው ያዟት። ከዚያ ደረታቸው ላይ አስጠጓት።

«ትከብዳለች» አሉና አለቀሱ።